ዘይቱ ከማን ቤት ይምጣ?



እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ፒያሳ ብቅ ያለ ሰው ከየሰፈሩ የመጣ ብዙ ቤተሰብ ያያል። በየካቲት 2016 ዓ.ል. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ አራዳ እንደገና የጉብኝት ስፍራ ሆናለች። ከጎብኚዎቹ መካከል የእኛም ቤተሰቦች አሉ። አባት ትንሹን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ፣ እናት የልጇን ሒጃብ እያስተካከለች፣ የምኒልክን ሐውልት፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ፣ የቆዩትን ሰገነታም ቤቶች እያሳዩ ይዘዋወራሉ። ዐስር ሲገባ ሕዝቡ በልማድ በኒ መስጊድ ከሚለው ከኑር መስጊድ አዛን ይሰማል። ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ጣቱን ወደ ሚናራው ቀስሮ «እሱስ? እሱንም እንጎበኘዋለን?» ብሎ ቢጠይቅ ወላጁ ምን ይመልስለታል?

ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። «መስጊድ ይሰገድበታል እንጂ አይጎበኝም» ማለት ይቻላል። «አዎን፣ እንጎበኘዋለን» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም መልሶች ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላሉ። አንድን ስፍራ ጎበኘን ስንል ምን አደረግን ማለት ነው? ዓይተነው የተመለስነው ነገር በእኛ ላይ ሐቅ አለውን? ወይስ ዓይን ካየ በኋላ ጉዳዩ አለቀ?

መልስ ከመፈለጋችን በፊት ሚናራ የሚለውን ቃል ራሱን ብንመረምረው ይጠቅመናል። ዐረቦች «መናራ» የሚሉት ብርሃን ወይም እሳት የሚታይበትን ስፍራ ነው፤ ኑርና ናር ከሚሉት ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነው። በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው ታዲያ የመስጊድን ማማ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርቻ ቆሞ ሌሊት ለመርከበኞች እሳት የሚያሳየውንም ግንብ መናር፣ መናራ ይሉታል። እኛ በአብዛኛው የደጋ ሰዎች ነን፤ አገራችንም ከ1985 ዓ.ል. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ግንብ በዓይናችን አላየነውም። ለዚህ ጽሑፍ ያህል «የባሕር ፋኖስ» ብንለው ያስኬዳል።

ሥራው እንዲህ ነው። በጨለማ የሚጓዝ መርከበኛ ዐለቱ የት እንዳለ፣ የወደቡ አፍ በየት በኩል እንደሆነ አያይም። ከዳርቻው በቆመ ረዥም ግንብ ጫፍ ላይ እሳት ይነዳል። መርከበኛው ያን እሳት አይቶ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ግንቡ ከፍ የሚለው ለውበት ሳይሆን ምድር ክብ ስለሆነች ዝቅ ያለ እሳት ከሩቅ ስለማይታይ ነው። በጥንት ዘመን የሚነደው እንጨት ነበር፤ ቆይቶ ዘይት ሆነ። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል የፈለሰፈው የብርሃን መስተዋት እ.ኤ.አ. በ1823 ኮርዱዋን በሚባለው የፈረንሳይ ግንብ ላይ ከተተከለ በኋላ ደግሞ የአንዲት መብራት ጮራ ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝ ቻለ። በየግንቡ ጠባቂ ነበረው። ጠባቂው ሌሊቱን ነቅቶ ዘይት ይሞላል፣ የመብራቱን ክር ይከረክማል፣ ጥቀርሻውን ከመስተዋቱ ላይ ይወለውላል። ያዳናቸውን ሰዎች ግን አያውቃቸውም። እነርሱም አያውቁትም፤ ብርሃኑን ከሩቅ አይተው ወደየጉዳያቸው ያልፋሉ።

ከእንዲህ ያሉት ግንቦች ሁሉ ስሙ የገነነው የእስክንድርያው ነው። ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከመወለዳቸው በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ተሠራ፤ ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል። ሙስሊሞች ግብፅን ከያዙ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ቆሟል። የአንደሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር ወደ ሐጅ ሲሄድ በ578 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1183 መሆኑ ነው፣ እስክንድርያ ደርሶ ግንቡን ጎበኘው። መደነቁን አልደበቀም። ጫፉ ላይ መስጊድ እንደነበረና ሰዎች በረከት ፈልገው እንደሚሰግዱበት፣ እርሱም ወጥቶ እንደሰገደ ጽፎልናል። እስቲ አስቡት፤ ከታች የመርከብ መንገድ፣ ከላይ ሱጁድ።

ከ143 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1326 ኢብን በጡጣ በዚያው ስፍራ ደረሰ። ከግንቡ አንዱ ገጽ ፈርሶ አገኘው፤ ቢሆንም ገብቶ የጠባቂውን መቀመጫና ክፍሎቹን ለማየት ችሏል። በ1349 ሲመለስ ግን ፍርስራሹ ከመብዛቱ የተነሣ ወደ በሩ መድረስ እንኳ አልተቻለም። ሱልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ በአጠገቡ ተመሳሳዩን ለማሠራት ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ። በመጨረሻ ሱልጣን ቃይትባይ እ.ኤ.አ. በ1477 በቦታው ላይ ምሽግ መሥራት ጀመረ። ምሽጉ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከጥንቱ ግንብ ድንጋዮች ብዙዎቹ ባሕር ውስጥ ተኝተው ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ጠላቂ ተመራማሪዎች እየለዩ ሲመዘግቧቸው ቆይተዋል።

ግንቡን የጣለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በተለይ የ1303ቱ ክፉ ነበር። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው ታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ ስለ ግንቡ ይወራ የነበረ አንድ ነገር መዝግቧል። የሩም ንጉሥ ግንቡ በሙስሊሞች እጅ መሆኑ ይቆጨው ነበር ይባላል። ስለዚህ አንድ ባለሟሉን ወደ ኸሊፋ አል-ወሊድ ላከ። ሰውየው ከንጉሡ ሸሽቶ የመጣ መስሎ፣ እስልምናንም የተቀበለ መስሎ ቀረበ። ከግንቡ ሥር የጥንት ነገሥታት ወርቅና ዕንቁ ተቀብሯል ሲል አወራ። ኸሊፋው አመነው፤ ማፍረስ ተጀመረ። ከግንቡ ገሚሱ ከወረደ በኋላ ተንኮሉ ታወቀ፤ ሰውየው ግን በሌሊት በመርከብ አመለጠ። ተመራማሪዎች ይህን ከአፈ ታሪክ ይቆጥሩታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን ማውራታቸው ነው። ለብርሃን የተሠራ ግንብ ምን ይጥለዋል ብለው ራሳቸውን ጠይቀው ያገኙት መልስ፣ ከላይ ከሚነደው እሳት ይልቅ ከሥር አለ የተባለው ወርቅ በሰው ዓይን ሲበልጥ ይወድቃል የሚል ነበር። በከተማ መካከል ያለ መሬት በካሬ ሜትር በሚተመንበት በእኛ ዘመን ይህ ወሬ እንግዳ አይመስለኝም።

አንድ ሰው እዚህ ላይ «ጥንታዊ ነገር ወይ ይሠራል ወይ ይጎበኛል፤ ሁለቱን አያጣምርም» ሊል ይችላል። እንዲህ አይደለም። በስፔን ላ ኮሩኛ በምትባለው ከተማ ሮማውያን የሠሩት የባሕር ፋኖስ አለ፤ የሄርኩለስ ግንብ ይባላል። ዕድሜው ወደ 2000 ዓመት ይጠጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በቀን ጎብኚዎች ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሲመሽ መብራቱ ለመርከብ ይበራል። በሌላ በኩል በየአገሩ መብራታቸው የጠፋ ብዙ ግንቦች አሉ። መርከቦች መንገዳቸውን በሳተላይት ማወቅ ስለቻሉ የጠባቂው ክፍል ሙዚየም ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። በእነዚህ ማንም አልተበደለም። ሥራቸው አልቋል፤ ያለቀ ሥራ ደግሞ በክብር ይታያል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሥራው አልቆ የሚጎበኝ ነገር አለ፤ ሥራው ሳያልቅ ለመጎብኘት ብቻ የተተወ ነገርም አለ። የመጀመሪያው ቅርስ ነው። ሁለተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ከአደራ መብላት ግን የራቀ አይደለም። መስጊድ ሥራው የሚያልቅበት ቀን ቂያማ ነው። ከዚያ በፊት በዓይን ብቻ የሚታይ ከሆነ መርከቦች በባሕር ላይ እያሉ መብራቱን አጥፍቶ ለጎብኚ ትኬት እንደመቁረጥ ነው።

ይህን ስል ማማውን ማግዘፌ አይደለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በመዲና ሲሠራ ሚናራ አልነበረውም። ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። የሐበሻው ልጅ ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ.) የሱብሒን አዛን የሚያደርገው ከአንዲት ሴት ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ እንደሚያስረዳው ሴትየዋ ከበኒ ነጃር ነበረች፤ ቤቷም በመስጊዱ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ከፍ ያለ ነበር። ቢላል ሌሊቱ ሳያልቅ መጥቶ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ጎሕ ሲቀድ እስኪያይ ይጠባበቃል። ሚናራ በመስጊድ ላይ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በበኒ ኡመያ ዘመን ነው። በሐዲሱ ውስጥ የሴትየዋ ስም አልተጠቀሰም። የመጀመሪያው ሚናራችን የአንዲት ሴት ጣሪያ ነበር ብንል አላጋነንም። ያ ጣሪያ ታዲያ የጎረቤት ጣሪያ ነው። መስጊዱ ድምፁን ከፍ ያደረገው በጎረቤቱ ላይ ቆሞ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ አራዳ እንመለስ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ትልቅ ገበያ አራዳ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች። በዚያ ገበያ የሙስሊሙ እጅ ትንሽ አልነበረም። የሐረሪ፣ የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የአርጎባና የጀበርቲ ነጋዴ ነበረበት። ከየመን የመጡት ዐረቦች በየመንደሩ ሱቅ ከፍተው የሰፈሩን ሰው ስኳርና ጋዝ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ «ዐረብ ቤት ሂድ» የሚለው የእናቶቻችን ትእዛዝ ከዚያ የቀረ ነው። ከሕንድ ጉጅራት የመጡት የቦህራ ሙስሊሞች መሐመዳሊ በሚባለው ድርጅታቸው ከአገሪቱ ትልልቅ ነጋዴዎች ተርታ ቆመው ነበር። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረችበት ዘመን ስሙ ፒያሳ ሆነ፤ መሐመዳሊዎች ንብረታቸውን ትተው እንዲወጡ ተደረገ፤ የሐበሻው ገበያም ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። ገበያው ሲሄድ ብዙው ነጋዴ አብሮ ሄደ። በአራዳ የቀረው ጀማዓ ግን መስጊዱን ይዞ ቀጠለ።

ሁለተኛው ፍልሰት ቅርብ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ል. ለኮሪደር ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፤ የእግረኛ መሄጃው ንጹሕ ነው፤ ማታ መብራቱ ያምራል። ይህን መካድ አይገባም። የቆርቆሮ ቤቱ ያፈስስ እንደነበረ፣ ሽንት ቤቱም ለብዙ አባወራ የጋራ እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። ነገር ግን እነዚያ ጠባብ ቤቶች ለመስጊዱ የበኒ ነጃር ጣሪያ ነበሩ። ሱብሒ ላይ ሰፍ የሚሞላው ከዚያ ነበር። በረመዳን ማፍጠሪያው በሳሕን ተሸፍኖ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ሰው ሲሞት ቃሬዛውን የሚያነሣው ትከሻ ከዚያ ነበር። በቀን ለጉዳዩ ፒያሳ የሚመጣ ሰው ዙህርና ዐስርን ሊሞላ ይችላል። ሱብሒን የሚሞላው ግን በአቅራቢያው ያደረ ብቻ ነው።

እንበል፣ አንድ አባት አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ መስጊድ ሱብሒን ሰግደዋል። ዛሬ በከተማዋ ዳር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ወደ ፒያሳ ለመምጣት ሁለት ወይም ሦስት ታክሲ ያስፈልጋቸዋል። መስጊዱ በእርሳቸው ላይ ያለው ሐቅ አለቀ?

ልጃቸው «አባባ፣ እዚሁ ካለው ይስገዱ፤ አላህ ሁሉም ቦታ ይሰማል» ይላቸዋል። ልጁ አልተሳሳተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒባዳ ብሎ ጓዝ አስሮ መጓዝን ለሦስት መስጊዶች ወስነውታል፤ ለመካው፣ ለመዲናውና ለአል-አቅሳ። ከእነዚያ ውጭ ያለ መስጊድ ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ሰላቱ አይበልጥም። የናፍቆት ነገር ከዒባዳ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መጠንቀቅ ያሻል፤ ለግንብና ለአፈር የተለየ በረከት መስጠት ወዴት እንደሚወስድ ዑለማዎቻችን ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። በዚያ ላይ የአዲሱ ሰፈር ጎረቤትም ሐቅ አለው፤ እዚያም ሰፍ የሚሞላ ይፈለጋል።

አባትየውም ማስረጃ አያጡም። በኒ ሰሊማዎች ከመስጊድ ርቀው ይኖሩ ስለነበር ወደ መስጊዱ አጠገብ ሊዛወሩ በፈለጉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቦታቸው እንዲቆዩ፣ ርምጃቸው ሁሉ እየተጻፈላቸው መሆኑን ነግረዋቸዋል። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ርቆ የሚመጣ ሰው ልፋቱ ከንቱ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ በሰላቱ ጉዳይ የልጁ ሐሳብ ይቀድማል፤ ለደከመ ሰው የቅርቡ መስጊድ ይሻላል። ሐቁ አለቀ በሚለው ግን ከልጁ ጋር አልስማማም። ምክንያቴ አንድ ሐዲስ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልጋይ የነበረችው መይሙና ስለ በይተል መቅዲስ ጠየቀቻቸው። ሄዳችሁ ስገዱበት አሏት። መሄድ ያልቻለስ ብላ ጠየቀች፤ በዚያ ጊዜ አገሩ የጦርነት አገር ነበርና። መሄድ ያልቻለ ለመብራቱ የሚነድ ዘይት ይላክ የሚል መልስ ሰጧት። አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ የዘገቡት ነው፤ የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ላይ የተነጋገሩበት መሆኑን መጥቀስ ተገቢ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ሌሎች ማስረጃዎች ከሚሉት የወጣ አይደለም፤ ሰውና መስጊድ በአካል ቢራራቁ የሚያገናኛቸው ነገር ይኖራል። ልብ በሉ፤ መሄድ ካልቻልክ በሩቅ ሆነህ አስበው አልተባለም። ሥዕሉን ግድግዳህ ላይ ስቀል አልተባለም። ዘይት ላክ ነው የተባለው። ዘይት ደግሞ ከቤት የሚወጣ፣ የሚጎድል፣ ነድዶ የሚያልቅ፣ ካለቀም በኋላ የማን እንደነበር የማይታወቅ ነገር ነው።

በመስጊድ ውስጥ ፋኖስ በመጀመሪያ ያበሩት ተሚም አድ-ዳሪ (ረ.ዐ.) መሆናቸውን አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ነግረውናል። እኚህ ሰው ከሻም ክርስትና ወደ እስልምና የመጡ ነበሩ። ከዘመቻ ዘማቾች ሁሉ ጋር ስማቸው ሲነሣ፣ አንድ ታሪካቸው የመብራት መሆኑ ደስ ይላል። መስጊዱን ትጠርግ ስለነበረችው ጥቁር ሴትም እናውቃለን። ሞታ በሌሊት ስትቀበር ሰሓቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አላስነገሯቸውም፤ ጉዳዩን እንደ ቀላል ቆጥረውት ነበር። እርሳቸው ግን አጥተዋት ጠየቁ፤ ቀብሯን አስመርተው ሰገዱባት። ከእርሷ የበለጠ ለመስጊዱ ግንብ የሠራ፣ ገንዘብም ያወጣ ሰው በመዲና እንደነበረ አይጠረጠርም። የተጠየቀችው ግን እርሷ ናት።

ከዚህ አንጻር የዛሬው ዘይት ምንድነው? መብራቱ ዛሬ በኤሌክትሪክ ስለሚበራ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ነው። ለሕጻናት ቁርኣን የሚያቀራው ኡስታዝ ደመወዝ ነው። ምንጣፍ ነው፣ የውዱእ ቧንቧ ነው። ሰው በገንዘብ ካልቻለ ደግሞ የሚያውቀው ታሪክ ነው። በአራዳ መስጊዶች ማን አቀራ፣ የትኛው ሱቅ ወቅፍ ተደረገ፣ በኢጣሊያ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ምን ሆነ የሚለው አብዛኛው በአዛውንቶች ጭንቅላት ያለ ነው። መንደሩ ሲፈርስ አዛውንቶቹ ተበተኑ። የልጅ ልጅ ያለው ሰው ደብተር ይዞ ከአያቱ እግር ሥር ቢቀመጥ ዘይት እያስቀዳ ነው። ስለ ወቅፍ ሳነሣ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሰነዱ የጠፋ ወቅፍ ሲለወጥ ወይም ሲፈርስ የሚከራከርለት አያገኝም፤ ለዚህ ውጭውን ብቻ መውቀስ አይበቃም፤ ወረቀቱን በሥርዓት ያላስቀመጥነው እኛው ነን።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ መምጣት ይቻላል። ሚናራውን እንጎበኘዋለን? አዎን። ቁርኣን በምድር ላይ ሄደን የቀደሙትን ፍጻሜ እንድንመለከት ደጋግሞ ያዘናል፤ ማየት በራሱ ነውር አይደለም። ግን የመስጊድ ጉብኝት የሚጀምረው ከጫማ ማውለቅና ከውዱእ ነው። ሁለት ረክዓ ይሰገዳል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት፣ ምሰሶውን መቁጠር፣ «ይህን ማን ሠራው» ብሎ መጠየቅ ለልጅ የተፈቀደ ነው። ስለ ፎቶግራፍ ብዙ አልልም፤ ሰላት ላይ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ራስን ማንሣት ግን የሚያሳፍር ነው።

ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤት አብሮን ቢመጣስ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሱማማ ኢብኑ ኡሣል ገና ሙሽሪክ ሳለ ተማርኮ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ምሰሶ ታስሮ ነበር፤ በዚያ ቀናት አሳልፎ ሰላቱን፣ ጀማዓውን አየ፤ ሲለቀቅ ሄዶ ታጠበና ተመልሶ ሸሃዳ ያዘ። በዒድ ቀን ሐበሾች በዚያው መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አስቁመው አሳይተዋታል። በር መክፈትን የሚፈራ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። የባሕር ፋኖስ ጠባቂ የሚያልፈው መርከብ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

የጠባቂውን ነገር ካነሣሁ ዘንድ ነጃሺን ሳላነሣ ባልፍ አገሬን የረሳሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከመካ ወጥተው ቀይ ባሕርን በመርከብ ሲሻገሩ በዚህኛው ዳርቻ ዘንድ የሚጠብቃቸው አንድ ሰው ነበር፤ ፍትሑ ከባሕር ማዶ ይታይ ነበር። ነጃሺ መዲናን ሳያዩ ሞቱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሐበሻን አልጎበኙም። ሁለቱ በዓይን ሳይተያዩ አንዱ ስደተኛ ጠበቁ፣ ሌላው የሩቅ ጀናዛ ሰገዱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ቀብር ላይ ብርሃን እንደሚታይ በጊዜያቸው ይነገር እንደነበረ አውስተዋል። በትግራይ ነጋሽ ያለው በስማቸው የሚጠራው መስጊድ በኅዳር 2013 ዓ.ል. በጦርነቱ ተመትቶ ጉልላቱና ሚናራው ሲጎዳ ብዙዎቻችን አዘንን፤ ማዘንም ይገባል። ነገር ግን እነዚያ ስደተኞች በመጡ ጊዜ በነጋሽ ሚናራ አልነበረም። በር የከፈተ ሰው ነበር።

በከተማዋ ዳር ወዳሉት አባት ልመለስ። እርሳቸው በወር አንድ ጊዜ በሚላክላቸው ብር ላይ ትንሽ ቀንሰው በልጃቸው እጅ ወደ በኒ መስጊድ ይልኩ ይሆናል። ያ ዘይታቸው ነው። ነገር ግን ኑሯቸው ሌላ ቦታ ሆኗል። በዚያ በአዲሱ ሰፈር መስጊዱ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ሚናራ ላይኖር ይችላል፤ ሱብሒ ላይ አንዱ ሌላውን የሚቀሰቅሰው በስልክ ይሆናል። ከአሥር የማያንሱ ሰዎች በጀማዓ ለመስገድ ቦታ ይፈልጋሉ። የአንዱ ሳሎን ጠባብ ነው፤ የሌላው ልጆች ይተኛሉ። በሕንጻው ውስጥ ደግሞ ሰፋ ያለ ቤት ያላት አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት አለች እንበል። እርሷም ከፒያሳ የመጣች ናት፤ በሩን ብታንኳኩባት ማን እንደሆናችሁ ታውቃለች።

ወላሁ አዕለም።